ከበሮው በማን ስም ይዘጋ

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጥምቀት፣ ታቦቱ ከወንዝ ወደ ደብሩ ሲመለስ፣ ዓለምነህ ከካህናቱ ፊት ለፊት በግንባሩ ተደፋ። ያየው ሕዝብ መጀመሪያ ደስ ነው ያለው። "አቤት እምነት! ከጦር ሜዳ የተረፈ ሰው ፈጣሪውን እንዲህ ነው የሚያመሰግን" ተባለ፤ አንዲት አሮጊትማ እልልታቸውን አቀለጡት። ቀጥሎ ግን ሰውየው መሬቱን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር። አጠገቡ የቆመውን ዲያቆን እግሩን ጎትቶ ጣለውና "ተኛ! ጭንቅላትህን ቅበር!" ብሎ ከላዩ ላይ ተኛበት። ዲያቆኑ አንድ ቦታ፣ ጃንጥላው ሌላ ቦታ ሆነ። ዝማሬው ቀጥ አለ። እልል ያሉት አሮጊት አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ።

ይህ የሆነው ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት መንደር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሯ "ዓለምነህ አብዷል" ያላለ ሰው ቢኖር ምናልባት ከብት ሲጠብቅ የዋለ ነው። እብደት ግን አልነበረም። ነገሩ ከበሮው ነው። መቺው ትልቁን ከበሮ እንዳነገተ ዓለምነህ ጆሮ ሥር መጥቶ "ድው!" አደረገው። ዓለምነህ ደግሞ ያንን ድምፅ የሚያውቀው ከመዝሙር ጋር አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ መድፍ ያየ በከበሮ በረገገ።

ወደ ቤቱ የተመለሰው በጥቅምት ነበር፤ ግራ ትከሻው ላይ ፍንጣሪ ተቀብሮበት፣ "ለውትድርና ብቁ አይደለም" ተብሎ። ሦስት ዓመት ተኩል በሰሜን ጦር ግንባር ቃሬዛ ተሸክሟል። ጠመንጃ የተኮሰባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው፤ ሥራው የተመታ ሰው ማንሣት ነበር። ስንቱን እንዳነሣ አልቆጠረም። ያላነሣውን ግን አንድ በአንድ ያውቃል።

እናቱ የሻረግ በደስታ ዘጠኝ ቀን ቤቷን ከፍታ ጎረቤት አበላች። በአሥረኛው ቀን ነው አንድ ነገር ያስደነገጣት። ከማሳው ማዶ ሆና "ዓለምነህ!" ብላ ተጣራች። ልጇ ሰማ፤ መስማቱን ከአንገቱ መዞር አውቃለች። አፉን ግን አልከፈተም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከንፈሩ ተቆለፈ። ደግማ ጠራችው። ዝም። በዚያ አገር እናት ጠርታው "አቤት" የማይል ልጅ ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። "ልጄን ጨዋ አድርጌ ልኬ፣ አቤት ማለት አስረስተው ሰደዱልኝ" ብላ አለቀሰች። ጎረቤቱ ደግሞ "መቶ አለቃ የሆነ መሰለው እንዴ?" እያለ አላገጠበት።

ከዚህ የባሰ ግን ማንም ያላስተዋለው ሌላ ነገር ነበር። ዓለምነህ እትየ እልፍነሽን ይሸሽ ነበር።

የእትየ እልፍነሽ ቤት ከእነሱ ቤት ቁልቁል የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። አንድ ልጃቸው ሽፈራው ከዓለምነህ ጋር አብሮ ያደገ፣ በአንድ ቀን ከመርሳ ገበያ አብሮ የታፈሰ፣ በአንድ መኪና ከወልድያ አብሮ የተጫነ ነው። ዓለምነህ የመጣ ዕለት ጎረቤቶች "ሽፈራውስ?" ብለው ሲጠይቁት "ሌላ ክፍለ ጦር መደቡት፤ ከተለያየን ቆየን" አለ። ውሸቱን ነው። ሰውም አልገፋውም፤ በዚያ ዘመን ስለ ግንባር አብዝቶ የሚጠይቅም አብዝቶ የሚመልስም ሁለቱም ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መልስ ይሰጣሉ። ከመንግሥት ወረቀት ካልመጣ ወታደር አይሞትም። ወረቀት ላልመጣለት ሰው ለቅሶ መቀመጥ "የጠላት ወሬ መንዛት" ነው።

እትየ እልፍነሽ ግን አንድም ቀን "ልጄስ?" ብለው አልጠየቁትም። እሱን ያስደነገጠው ይኸው ነው። አንዳንድ ቀን ብርቱካን፣ አንዳንድ ቀን አጓት ይዘው ይመጣሉ። ከየሻረግ ጋር ይቀመጣሉ። ሁለቱ ሴቶች እንደ ድሮው አይንጫጩም፤ የሻረግ እንዲያውም መሬት መሬቱን ነው የምታይ። ከዚያ ተነሥተው ይሄዳሉ። እሱ በጓሮ በር ወጥቶ፣ መሄዳቸውን እስኪያይ ቁልቋል አጥር ሥር ይቆያል።

ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን አያ ሙሄዲን ከመርሳ መጡ። አያ ሙሄዲን ከመኪና መንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከማንጎ ዛፍ ሥር ከበሮ የሚሠሩ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የመንዙማውንም ከበሮ የማኅሌቱንም ከበሮ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ አገር "እንዴት?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። የመጡት ተቆጥተው ነበር።

"የኔ ከበሮ ሰው ጣለ አሉኝ" አሉ ገና ከደጅ። "አርባ ዓመት ስሠራ ከበሮዬ ሰው አስጨፈረ እንጂ ሰው ጥሎ አያውቅም። ማነው የወደቀው?"

የሻረግ ልጇን አሳየቻቸው። ግድግዳ ተደግፎ፣ እጆቹን በጭኖቹ መሐል ቀርቅሮ ተቀምጧል። አያ ሙሄዲን አዩት፤ ቁጣቸው ወዴት እንደ ገባ እንጃ። ሄደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ።

"የኔ ልጅ፣ የከበሮ ሆድ አይተህ ታውቃለህ?"

በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

"ባዶ ነው። ወላሂ ባዶ ነው። ሰው ሆዱን ያላየውን ነገር ነው የሚፈራ። ነገ ና አሳይሃለሁ።"

የሻረግ ክው አለች። "አያ ሙሄዲን፣ ምነው! የገበሬ ልጅ ወስደው ቆዳ ሊያስፍቁት ነው? ልጄን ፋቂ ሊያስብሉብኝ?"

"እናትዋ" አሉ እሳቸው ሲነሡ፣ "የእብድ እናት ከመባል የፋቂ እናት መባል አይሻልሽም?"

ነገሩ መራራ ነበር፤ ግን ዋጠችው።

ዓለምነህ በማግስቱ ሄደ። አያ ሙሄዲን አንድ የዋንዛ ግንድ ፊቱ አጋደሙለት፤ መሮና መዶሻ ሰጡት፤ "ቦርቡር" ብለውት ወደ ሥራቸው ዞሩ። ምን ሆንክ አላሉትም፤ ምን አየህ አላሉትም። እሱም መዶሻውን አነሣ። በመጀመሪያው ምት ራሱ በመታው ራሱ ዘለለ። በሁለተኛውም ዘለለ። ያን ቀን ከሠራው ይልቅ የደነገጠው ይበዛል፤ ማታ ከግንዱ የወጣው ፍቅፋቂ አንድ እፍኝ አይሞላም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣ የጭነት መኪና ጎማው መንገዱ ላይ ፈነዳ። አያ ሙሄዲን ዞር ሲሉ ዓለምነህ የለም። ደነገጡ። "አንተ ልጅ!" እያሉ ሲፈልጉት እግሮቹን አገኙ፤ ራሱንና ትከሻውን እስከ ደረቱ ድረስ ቦርቡሮ ባጋመሰው ግንድ ውስጥ ከቶ ተኝቷል። ለመንቀል ሁለት ሰው አስፈለገ። ሲወጣ ጸጉሩም ቅንድቡም ሰጋቱራ ለብሷል።

"ይኸው" አሉት አያ ሙሄዲን፣ "ሆዱን አየኸው። ምን አለበት?"

ዓለምነህ ትንፋሹ እየተቆራረጠ አሰበ። "ምንም" አለ። ከዚያ ሳቀ። ከግንባር ከመጣ የሳቀው ያን ቀን ነው፤ ሳቁ ራሱን አስደነገጠው።

ነገሩ ቀስ በቀስ ለወጠው። የመዶሻው ምት ከራሱ እጅ ነው የሚመጣው፤ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሲፈልግ ያቆመዋል። ማንም እንዲህ ብሎ አላስረዳውም፤ ክንዱ ነው የተረዳው። ጥሬ ቆዳ ሲመጣ ግን ሌላ ፈተና ሆነ። ያ ሽታ የሚያውቀው ሽታ ነው። መጀመሪያ ቀን አስመለሰው። አያ ሙሄዲን ውሃ ሰጡትና አመድና ቢላዋ አቀበሉት፤ ሌላ ነገር አላሉም። እያስመለሰው ፋቀ። ጾሙ ሲጋመስ ቆዳ ነክሮ፣ ጸጉሩን ልጦ፣ በሁለቱ አፍ ወጥሮ፣ ጠፍሩን ከላይ ወደ ታች እያመላለሰ መጎተት ቻለ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግንዱን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ ሳይጮኽም ነቃ። የሻረግ ይህን ስትሰማ፣ ልጇን ፋቂ ያሰኙባትን ሰውዬ እጅ ለመሳም መርሳ ድረስ ወረደች።

ሁለቱም አፉ በቆዳ የተዘጋ ከበሮ መምታት ግን አልቻለም። ሠርቶ ለአያ ሙሄዲን ይሰጥና፣ ሲሞክሩት እሱ ጆሮውን ይዞ ከአንድ የብርቱካን ተክል ጀርባ ይሄዳል።

በአያ ሙሄዲን ደጅ አንድ ሥርዓት አለ። ለደብር የሚገባ ከበሮ ከሆነ ቆዳውን የሚያመጣው ሰጪው ነው። ሁለተኛው አፍ ከመዘጋቱ በፊት ከደብሩ ቅጥር የተለቀሙ ሦስት ጠጠሮች ከውስጥ ይገባሉ፤ ሲገቡም ከበሮው የተሰጠው ስለ ማን እንደሆነ በክርስትና ስሙ ይጠራል። የመጽሐፍ ሥርዓት ይሁን የመርሳ ሰው ያመጣው፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም። አያ ሙሄዲን ግንዱን ይቦረቡራሉ፣ ጠፍሩን ይጎትታሉ፤ ጠጠሩን ግን አይነኩም። "የክርስቲያኑን ክርስቲያን ይዝጋው" ይላሉ። ከዚህ በፊት ለዚህ ብለው መንገደኛ ያስቆሙ ነበር። አሁን ዓለምነህ አለ።

ፋሲካ በዋለ በማግስቱ እትየ እልፍነሽ እርጥብ ቆዳ በጀርባቸው አዝለው ከማንጎው ሥር ደረሱ። ዓለምነህ ሊሸሽ ተነሥቶ ነበር፤ ቆዳው ሲዘረጋ ግን እግሩ ከዳው። አመድማ፣ ከትከሻው ላይ ነጭ ጣል ያለበት። የሽፈራው በሬ ዳልቻ ነው።

ስለ ዳልቻ ያልሰማ የቃሬዛ ጓድ አልነበረም። ሽፈራው ሲታፈስ ዳልቻ ጥጃ ነበረ። የቃሬዛውን ፊት ሽፈራው፣ ኋላውን ዓለምነህ ይዘው ዳገት ሲወጡ፣ ሽፈራው ቁስለኛው እንዲረሳ ብሎ የሚያወራው ስለ ዳልቻ ነበር። "ዳልቻ ይኼኔ ቀንበር ደርሷል። ዳልቻ ይኼኔ ጎረቤት ይወጋል።" እናትየው ልጃቸው መጥቶ እስኪጠምደው ብለው ቀንበር ከደረሰም ወዲህ ማንም እንዲያርስበት አልፈቀዱም። አሁን ለፋሲካ ቅርጫ ሰጡት፤ ሥጋውን መንደሩ ተካፈለ፤ እሳቸው ቆዳውን አስቀሩ። መንደሩም ጉድ አለ። "ቆዳ ተወደደ ሲሏት በሬዋን አረደች" ብሎ ተሳለቀ።

"የስለት ከበሮ ነው" አሉ እትየ እልፍነሽ ለአያ ሙሄዲን። "ለሰኔ ሚካኤል ይደርስልኛል?"

"ይደርሳል ኢንሻአላህ። የሚዘጋልሽም ይኸው ዓለምነህ ነው።"

"እሱ ይዝጋው" አሉ፤ ሲናገሩ አላዩትም።

መንደሩ ሁሉ የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ ዓለምነህም እንዲሁ። እናት ልጇ እንዲመለስ ተስላለች፤ ልጇ ቢዘገይባት ሚካኤልን ይሉኝታ ልታስይዘው ስለቱን አስቀድማ ልትከፍል ነው። ያላትን አንድ በሬም ለዚህ አርዳለች። የሞተ ሰው እንዲመለስ ተብሎ የሚሠራ ከበሮ በዓለምነህ እጅ ሊዘጋ ነው። ስሙን ጠርቶ። የሽፈራውን የክርስትና ስምም ያውቀዋል፤ ሃብተ ሚካኤል።

ያን ከበሮ ያህል የተጎተተ ሥራ በማንጎው ሥር ታይቶ አይታወቅም። ጠፍሩን አሳጥሮ ቆረጠው፤ ሌላ መቁረጥ አስፈለገ። ቆዳውን ፀሐይ ላይ ረሳው፤ ተኮማተረ፤ እንደገና ተነከረ። ሰኔ ገባ። አያ ሙሄዲን ታግሠው ታግሠው አንድ ቀን መሮውን ከእጁ ወሰዱበት።

"ምንድን ነው? ተናገር።"

"አያ፣ ለሞተ ሰው 'ይመለስ' ተብሎ የሚዘጋ ከበሮ ምን ይሆናል?"

አያ ሙሄዲን መሮውን መሬት አስቀመጡ። "አስተግፊሩላህ! ልጇ ሞቷል?"

"ሞቷል።"

"እንዴት አወቅህ?"

"ነበርኩ።"

"እና ይህችን ሴት ስምንት ወር ዝም ብለህ አየሃት?"

"ወረቀት አልመጣም..."

"አንተ ልጅ!" አሉ፣ ከዚያ ቀን በፊት ጮኸውበት አያውቁም። "ወረቀቱ አንተ አይደለህም እንዴ?"

በማግስቱ እትየ እልፍነሽ ሦስቱን ጠጠሮች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ረፋድ ነው። ከበሮው በአንድ አፉ ተወጥሮ፣ ሌላው አፉ ወደ ሰማይ ተከፍቶ መሬት ላይ ቆሟል። አያ ሙሄዲን ጠፍሩን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ዓለምነህ ጠጠሮቹን ተቀበለ። እጁን በከበሮው አፍ ላይ ዘረጋ። ሊናገር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሲደረድር አድሯል። አንዱም አልመጣም። ይልቅስ ከአፉ የወጣው የሥርዓቱ ጥያቄ ሆነ።

"በማን ስም ልዝጋው?"

እትየ እልፍነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይኑን አዩት።

"ያንተ የክርስትና ስም ማን ነበር?"

ዓለምነህ የሰማውን አላመነም። "የኔ?"

"ያንተ እንጂ የማን! ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር መሰለኝ። እናትህን ልጠይቃት ብዬ አፈርኩ።"

"እትየ... ስለቱ ለሽፈራው..."

"ለሽፈራው ማን አለህ?" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "የታፈሳችሁ ጊዜ እኔና እናትህ ወልድያ ድረስ በእግር ተከተልናችሁ። መኪናው ሲነሣ አየን። ስንመለስ ደብሩ በር ላይ ቆምን። ሚካኤልን ልለምን አፌን ከፈትኩ፤ 'ሽፈራውን መልስልኝ' ልል ነው። እናትህ በቀኜ ቆማ ትንሰቀሰቃለች። አየኋት። የሷ ልጅ አብሮ ሄዶ፣ እሷ እየሰማችኝ፣ የኔን ብቻ ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። 'ከሁለቱ አንዱን እንኳ ብትመልስልን ከበሮ አገባልሃለሁ' አልኩ። በዚህ አፌ አልኩ። እናትህም አሜን አለች።"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ መልሰው ለቀቁት።

"ጥቅምት ላይ አንተን አየሁህ። ስታየኝ በጓሮ ወጣህ። ልጇ በሕይወት ያለላትን እናት ማን ይሸሻል? ያን ቀን ነው ያረዳኸኝ። ከዚያ ወዲህ 'ስሙን በጠራሁት ኖሮ፣ ስሙን በጠራሁት ኖሮ' እያልኩ አንጀቴን በላሁ። ሚካኤል ግን ቃሉን ጠብቋል። አንዱን አልኩት፣ አንዱን ሰጠኝ። እኔ ልዋሸው? ዝጋው።"

የሻረግ ለምን መሬት መሬቱን ታይ እንደነበር ዓለምነህ ያኔ ገባው። ከበሮው ሥር ተቀመጠ። ስምንት ወር የተቆለፈው ነገር ከዚያ በኋላ ራሱ ወጣ።

ቃሬዛ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አፈግፍጉ በተባለበት ቀን የቃሬዛው ፊት ወደቀ፤ ሽፈራው ሆዱን ተመታ። ዓለምነህ ብቻውን ሊጎትተው ሞከረ፤ አልሆነም። ከድንጋይ ሥር አስተኛውና "ሰው ይዤ መጣሁ" አለው። መቶ እርምጃ ሳይሄድ መድፉ ጀመረ። ተኛ። ፊቱን አፈር ውስጥ ቀብሮ ተኛ። በአንዱ መድፍና በሚቀጥለው መድፍ መሐል ሽፈራው ይጣራ ነበር።

"ምን ብሎ?" አሉ እትየ እልፍነሽ።

"'ዓለምነህ' ብሎ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሰባት ጊዜ።"

"ቆጥረሃል?"

"ቆጥሬያለሁ።"

"አቤት አላልከውም?"

"አላልኩትም። አፌ አፈር ውስጥ ነበር።" ዓለምነህ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ሲነጋ ሄድኩ። አልቆ ነበር።"

የአያ ሙሄዲን ጠፍር ከእጃቸው ወደቀ። መንገዱ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ ማንም አልዞረም። እትየ እልፍነሽ ይመቱት ይሆን፣ ይረግሙት ይሆን፣ አያ ሙሄዲን ሊገላግሉ ግማሽ ተነሥተው ነበር።

"እናቴ አላለም?" አሉ እትየ እልፍነሽ።

"ብሏል። እሱን አልቆጠርኩም።"

እትየ እልፍነሽ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸውን ታጠቁበት። "ዝጋው" አሉ።

"እትየ፣ በዚህ እጄ በኔ ስም እንዴት..."

"ስለት ነው አልኩህ! ዝጋው። ነገ ጠዋት ልጄን አለቅሳለሁ። ከበሮው ደብር ከመግባቱ በፊት ለልጄ ይመታል። የምትመታውም አንተ ነህ።"

"እወድቃለሁ።"

"ውደቅ። ተነሥተህ ትመታለህ።"

ሦስቱን ጠጠሮች አንድ በአንድ ጣላቸው። የራሱን ስም ሲጠራ ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። አያ ሙሄዲን ቆዳውን ያዙለት፤ ጠፍሩን እሱ ጎተተ።

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ የእልፍነሽን ጩኸት ሰምቶ ነቅሎ ወጣ። ሊቀመንበሩም ኮፍያውን እያጠለቀ መጣ። ያለ ወረቀት ለቅሶ! "ወረቀት አላችሁ?" አለ። እትየ እልፍነሽ በጣታቸው ዓለምነህን አሳዩት። "ወረቀቱ ያውልህ፤ አንብበው" አሉ። ሊቀመንበሩ የራሱን እህት ልጅ በዚያው ዓመት የላከ ሰው ነው። ዓለምነህን አየው፤ አንድ ነገር ሊጠይቅ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ተወው። ኮፍያውን አወለቀና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ዓለምነህ የዳልቻን ከበሮ አንግቶ መሐል ገባ። የጥምቀቱ ዲያቆን ይህን ሲያይ ሹልክ ብሎ ከሰው ጀርባ ሄደ። አንድ ጊዜ መታ፤ "ድው!"፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጣ። ሁለተኛ መታ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ሦስተኛውን ሲመታ ከነከበሮው መሬት ወረደ፤ ግንባሩ አፈር ነካ፤ ጣቶቹ መቧጠጥ ጀመሩ። ጥምቀት ትዝ ያላቸው ሁሉ ወደ ኋላ አሉ። የሻረግ ልታነሣው ስትሮጥ አያ ሙሄዲን ክንዷን ይዘው አስቀሯት።

እትየ እልፍነሽ ከለቅሶው ማዶ፣ ሰው ከማሳ ሰው እንደሚጠራ ሆነው ተጣሩ።

"ዓለምነህ!"

ጣቶቹ መቧጠጣቸውን አላቆሙም።

"ዓለምነህ!"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ምስኪኗ በሐዘን አእምሮዋን ሳተች ተባለ። የሚቆጥሩት አያ ሙሄዲንና ከመሬት ላይ ያለው ሰው ብቻ ናቸው። ሦስተኛ ጠሩ። አራተኛ። በአምስተኛው ድምፃቸው ተሰነጠቀ። በስድስተኛው ጣቶቹ መቧጠጥ አቆሙ።

"ዓለምነህ!"

"አቤት!" አለ።

አፉ ውስጥ የገባውን አፈር ተፋ፤ ከበሮውን ደግፎ ተነሣና መታው።